ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ

ሥራዬ የሰው ኮምፒውተር ማየት ነው። ጁባ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አልፎኛል። ቀን ቀን በአንድ የእርዳታ ድርጅት ቢሮ እሠራለሁ፤ ከሥራ ውጭ ደግሞ የከተማው አበሻ ሁሉ የነጻ ጠጋኝ ነኝ። ሆቴል ያለውም፣ ሱቅ የከፈተውም፣ ባንክ የሚሠራውም ስልኬን ያውቀዋል። «ምነው ጠፋህ» ብሎ የሚጀምር ሁሉ ትንሽ ቆይቶ ፕሪንተሩ እምቢ እንዳለው ይነግረኛል። ስለዚህ ስልኬ ሲጠራ ገና ሳላነሳው እበሳጫለሁ። ይህን የምናገረው ጠባዬን ላሳምር ብዬ አይደለም። የዚያን እሑድ ስልኩን በምን ዓይነት ልብ እንዳነሳሁት እንዲታወቅልኝ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ያገራችን ሰው በከፈተው ምግብ ቤት ግቢ ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ኳስ አያለሁ። የደወለችው የጓደኛዬ ሚስት ናት። ጓደኛዬ የመንገድ ሥራ ፎርማን ነው፤ በዚያ ሰሞን ከጁባ ርቆ፣ ዝናብ ከጣለ በአውሮፕላን ካልሆነ የማይወጣበት ሳይት ላይ ነበር። እሷ ጉዴሌ ሰፈር ከተከራዩት ቤት ከሦስት ወር ሕፃን ልጇ ጋር ብቻዋን ናት።

«ወንድምዬ፣ ይቅርታ፣ እሑድህን ልረብሽህ ነው» አለችኝ። «ኮምፒውተሩ አስቸገረኝ። ቪዲዮውን መላክ እጀምራለሁ፣ ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ይጨልማል። መልሼ ስከፍተው ተቋርጧል። እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው።»

ቪዲዮው የልጅቷ ክርስትና ነው። የሚላከውም አዲስ አበባ አልጋ ላይ ላሉት ለጓደኛዬ ሚስት እናት ነው። እናትየው ልጃቸውን ሊያርሱ ጁባ ሊመጡ ነበር። ፓስፖርት አውጥተው፣ ቅቤውን አንጥረው፣ የገንፎውን እህል አስፈጭተው ሲጨርሱ ታመው ወደቁ። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌላቸው ለልጆቻቸው ነግረዋል። እሷ ደግሞ ልሂድ እንዳትል ለሕፃኗ ገና ፓስፖርት አልወጣላትም፤ የምታጠባትን ልጅ ጥላም አትሄድም። ስለዚህ በሰማንያ ቀኑ ካሜራ ያለው ሰው ተጠራና ከቅዳሴው ጀምሮ እስከ ግብዣው መጨረሻ ድረስ ቀረጸው። አሥራ አንድ ጊጋ ወጣው።

በስልክ የተነሡ አጫጭር ቪዲዮዎች ቀድመው በቴሌግራም ሄደውላቸው ነበር። ግን የእናትየውን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። «ጭጋግ ነው የምታሳዩኝ» አሉ። ወንድሟ ትልቁን ቴሌቪዥን ከሳሎን አንሥቶ መኝታ ክፍላቸው አስገባላቸው። እሳቸውም፣ «ቁርጥራጭ አትላኩልኝ። ሙሉውን ላኩልኝ። የልጄን ልጅ ስትጠመቅ ከነጩኸቷ ልያት» አሉ። ልጃቸው ለእናቷ ማድረግ የቀራት ነገር ይኸው ነበር፤ እናትየው ሳይሞቱ ይቺን ሕፃን አጥርተው እንዲያዩዋት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ክርስትናው ላይ ዶሮ ወጥ ከበሉት አንዱ እኔ ነበርኩ።

«ቀላል ነገር እኮ ነው» አልኳት፣ ዓይኔ ከኳሱ ላይ ሳይነሳ። «ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ሳይነካ ከቆየ ይተኛል። ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ ነው። ሲተኛ ኢንተርኔቱም አብሮ ይቋረጣል። አንድ ቦታ ገብተሽ መቀየር ነው።»

«የት ጋ እንደሆነ ንገረኛ፣ አሁን ልቀይረው።»

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። ላፕቶፑን ባሏ ከገበያ የገዛው ሁለተኛ እጅ ነው፣ ጽሑፉ ሁሉ ዓረብኛ። እኔ ዓረብኛ ማንበብ ባልችልም ቦታውን በዓይኔ አውቀዋለሁ፤ በስልክ ግን ማስረዳት አይቻልም። መሄድ ይጠይቃል። ሠላሳ ደቂቃ በቦዳቦዳ ሞተር፣ ሁለት ደቂቃ ሥራ።

«ለዛሬ በየአምስት ደቂቃው ማውሱን ነካ እያረግሽ ቆዪ» አልኳት። «እኔ ቡክራ እመጣለሁ።»

«ነገ» ማለት ስችል ነው እንደ ከተማው ሰው «ቡክራ» ያልኳት። ጁባ ውስጥ ቡክራ የተባለ ነገር መቼ እንደሚመጣ ሁላችንም ስለምናውቅ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ዳኛው ፔናልቲ ሰጠና ስልኩን ዘጋሁት።

ለሰኞ አጥቢያ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ አደረ። ጉዴሌን በዝናብ ጊዜ የሚያውቅ ያውቃል፤ መንገዱ ቀይ ሊጥ ይሆናል፣ ጫማ ይነጥቃል። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት አዲስ ጫማ አድርጌ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ለጫማዬ ሳሳሁ። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ «ወንድምዬ፣ ትመጣለህ?» የሚል መልእክት ላከችልኝ። «ጭቃው አያስገባም፣ ነገ» ብዬ መለስኩ። «እሺ ችግር የለም፣ እየነካካሁት ነው» አለች።

ማክሰኞ ቢሮ ስብሰባ ነበር። ስብሰባው ግን ስምንት ሰዓት ላይ አልቋል። ከስምንት ሰዓት በኋላ ምን እንደሠራሁ ብዙ ጊዜ አስቤ አስቤ አጥቼዋለሁ። ጸጉሬን ተስተካከልኩ መሰለኝ። ለጉዴሌ የሚበቃ ጊዜ እንደነበረኝ ግን አውቃለሁ። ፋይሉን ቆራርጦ መላክም ይቻል ነበር፤ ለሱም ቢሆን ሄጄ መቀመጥ ነበረብኝ።

ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ስልኬ ጠራ። ጓደኛዬ ነው፣ ከሳይት።

«እማማ አረፉ» አለኝ። «ሊነጋጋ ሲል። ወንድሟ አሁን ነገረኝ።»

«ነፍስ ይማር» አልኩት።

«እንዳትነግራት» አለ ቀጥሎ። «እመጫት ናት። ወተቷ ይደርቅባታል፣ ሕፃኗም ትጎዳለች። ቤተሰቡ የተስማማው እኔ ስደርስ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ቄስ ባለበት እንዲነገራት ነው። አውሮፕላኑ ዓርብ ነው። እስከዚያ ሰው ደውሎ እንዳያፈነዳው፣ ፌስቡክ ላይም እንዳታይ። እባክህ ሂድና አጠገቧ ሁንልኝ።»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ይህን እኔም አምንበታለሁ፤ አባቴ ሲሞቱ ሰባት ሰዎች በማለዳ ቤቴ መጥተው ነው የነገሩኝ። ስወድቅ የያዘኝ ሰው ነበር። ብቻዋን ያለች እናት፣ ሕፃን በክንዷ ይዛ፣ ከስልክ ውስጥ «ሞቱ» የሚል ቃል ትስማ የሚል ጨካኝ አይገኝም። ስለዚህ «እሺ፣ አሁኑኑ እሄዳለሁ» አልኩት። ደግሞም ሄድኩ። የረቡዕ ጭቃ ከሰኞው ይብስ ነበር። ቦዳቦዳው ሁለት ጊዜ ተንሸራተተና ሦስተኛው ላይ ነጂው «ማሌሽ» ብሎ ይቅርታ ጠይቆ አወረደኝ። የቀረውን መንገድ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

በሩን ስትከፍት ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ነበር። ከጉልበቴ በታች ጭቃ ብቻ መሆኔን አይታ በእጇ አፏን ያዘች።

«ውይ በሞትኩት! ለእማዬ ስትል እኮ ነው እንዲህ የሆንከው» አለችኝ። «እግዜር ይስጥህ። ትናንት ሰማንያ ስምንት በመቶ ደርሶ ተቋረጠብኝ። ተቃጠልኩ። ዛሬ ግን ይሄድልናል፣ አይደል?»

«ይሄዳል» አልኳት።

ውኃ አምጥታልኝ እግሬን ታጠብኩ። ኮምፒውተሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከዚያ ሲታይ ከጎረቤቶቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ባሻገር የጀበል ኩጁር ተራራ ደመና ለብሶ ቆሟል። ተቀመጥኩና ከፈትኩት። ወደ ባትሪው ገጽ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይተኛ የሚለው ላይ ዝርዝር አለ፤ የመጨረሻው «በጭራሽ» የሚለው ነው። እሱን ነካሁት። ክዳኑ ቢዘጋም ሥራውን እንዲቀጥል አደረግሁ። ስክሪኑም እንዳይጨልም አደረግሁ። ሰዓቴን አየሁ፤ ሁለት ደቂቃ አልሞላም።

ከሦስት ቀን በፊት ሁለት ደቂቃ አጥቼ ነበር። እጄ ማውሱ ላይ እንዳለ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አቧራ ነው አልኳት። በዚያ ሁሉ ዝናብ መሀል ከየት የመጣ አቧራ ነው? እሷ ግን አልጠረጠረችኝም። እንዲያውም የመኪናም የቦዳቦዳም ጭስ ይሆናል አለችኝ።

ቤታቸው መብራት የሚያገኘው ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ሶላር ነው፤ ቀን ያሠራል እንጂ ማታ አያዛልቅም። በየቀኑ ሲቋረጥ እንደገና መጀመሩ ለማግሥቱ የሚያድረው ለዚህ ነበር። እኔ በመንገዴ ከቢሮ ትልቅ ባትሪ በቦርሳ አዝዬ መጥቼ ነበርና ኮምፒውተሩንም ሞደሙንም ከሱ ጋር አገናኘሁ። መላኩን አስጀመርኩት። አንድ በመቶ። ሁለት በመቶ።

ከዚያ የዋሸሁትን ውሸት ልናገር።

«ስልክሽ ከሞደሙ ጋር የተገናኘ ነው?» አልኳት።

«አዎ።»

«ይሻማዋል። እስኪያልቅ ድረስ አጥፊው። ለኔ ስጪኝ እንዲያውም፣ ረስተሽ እንዳትከፍቺው።»

ስልክ ማለት ለሷ እናቷ ማለት ነው። በቀን አሥር ጊዜ ትደውላለች፤ ባያነሱ ወንድሟ ያነሣል። ግን ቪዲዮው እንዲደርስ ስትል ሳታቅማማ አጥፍታ ሰጠችኝ። ኪሴ ከተትኩት። እናትየው እንዲያዩት የምትልከውን ቪዲዮ እሷ እናቷ መሞታቸውን እንዳትሰማ መዝጊያ አደረግሁት።

ከቀትር በፊት እዚያው ግቢ የምትኖረው አከራያቸው መጣች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ በጦርነቱ ዘመን ልጅነቷን ጋምቤላና አዲስ አበባ ስላሳለፈች አማርኛዋ እንደኛው ነው። ሁላችንም ማማ እንላታለን። ወደ ግቢው ጥግ ጠርቼ ነገሩን ነገርኳት፣ ሰው ቢመጣ እንድትመልስልኝ ብዬ። ሰምታ ስትጨርስ እጆቿን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እናቷ ሞታ፣ አንተ ደግሞ ኮምፒውተር ትነካካለህ?» አለችኝ። «ደ ማ ኩዌስ። ጥሩ አይደለም ይሄ። አውሮፕላን እኮ በየቀኑ አለ። ልጅቷን እኔ እይዝላት ነበር። ሄዳ ትቅበር!»

«ባሏ ይምጣ ተብሏል፣ ማማ። ቤተሰቡ ነው የወሰነው። ደግሞ እያጠባች ነው።»

«እኔ ስንቱን እያጠባሁ ቀብሬያለሁ» አለችና ትታኝ ገባች።

ተመልሼ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ የሕፃኗ እናት ወንበሯን ከጎኔ አስጠግታ ቪዲዮውን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፈተችልኝ፤ እየተላከም ማየት እንደሚቻል ቀድሜ ነግሬያት ነበር፣ አፌን በቆረጠው። ድምፁን ቀንሳ፣ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ እናቷ የቱ ጋ ምን እንደሚሉ ትነግረኝ ጀመር።

«እዚህ ጋ ስትደርስ ታለቅሳለች» አለች፣ ቄሱ ሕፃኗን ከውኃው ሲያወጧት። «ከዚያ ደግሞ 'ምነው ቀዝቃዛ ውኃ' ብላ ትቆጣለች። እዚህ ጋ ደግሞ የኔን ቀሚስ አይታ 'ሰፋሽ፣ ከሳሽ' ትላለች። ታያለህ፣ ሳትለኝ ብትቀር።» ሳቀች። «እዚህ ጋ እልል ትላለች። ለሷ ብዬ ነው ይህን ያላስቆረጥኩት፣ ረዝሞ እንኳ።»

ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። የጓደኛዬ መልእክት ነው። «አሁን ቀበሯቸው» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር። እሷ ወደ ስክሪኑ እያየች ፈገግ እንዳለች ነች። ሠላሳ አራት በመቶ ደርሷል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔ ግን እያደር ከበደኝ። ማታውን ከማማ ቤት ወንበር ላይ አሳለፍኩት፤ ሐሙስ ጠዋት ተመልሼ ገባሁ። ዝናቡ ከረቡዕ ጀምሮ ኔትወርኩን አንቀርፍፎት ስለነበር ገና ሰባ ሁለት ላይ ነው። እሷ ጸጉሯን ታጥባ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ ለኔ ቁርስ ሠርታ ጠበቀችኝ። እናቷ ሲያዩት ቪዲዮ ኮል አድርጋ ፊታቸውን ልታይ ነበርና ለዚያ ተዘጋጅታ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሞላ። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወጣ።

እልልታዋን አቀለጠችው። ሕፃኗን ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ በጉዴሌ ቆርቆሮ ቤቶች መሀል፣ እልልልል! ማማ ከቤቷ እየሮጠች ወጣች፤ በሩ ላይ ደርሳ እኔን አየችኝ፣ እሷን አየቻት፣ ጨርቋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች። እኔ እጄን አጨበጨብኩ። ሌላ ምን ላድርግ? አጨበጨብኩ።

«ስልኬን ስጠኝ! ስልኬን!» አለች።

ከወንድሟ ጋር ቀድመን በመልእክት ተነጋግረን ነበር። የሚለውንም አውቃለሁ። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለያዘችው እኔም ሰማሁ።

«ደረሰ?» አለችው።

«ደረሰ።»

«አየችው? ከፈትክላት? አየቻት?»

«አየችው» አለ። «አየችው፣ እህቴ። በጣም ደስ አላት። አሁን ደክሟት ተኝታለች፤ ነገ ታወሪያታለሽ።» ድምፁ ሲሰበር ኔትወርኩ ተበላሸ ብሎ ዘጋው።

እሷ ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች። «አየቻት» አለችኝ። እንባዋ ይወርዳል፣ ትስቃለች። «እግዜር ይስጥልኝ። አንተን ነው የማመሰግነው። አንተ ባትመጣ አይደርስም ነበር።»

ሰው ሲያመሰግነኝ እወዳለሁ፤ አልዋሽም። ያ ምስጋና ግን እስካሁን እንደ ዕዳ አንገቴ ላይ ነው ያለው።

ዓርብ በደወለች ቁጥር ወንድሟ «ተኝታለች» እያለ አዋላት፤ ማታ ባሏ መጣ። ፊቱን እንዳታነብበው ወባ ይዞኛል ብሎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛ። እሷ ሌሊቱን ሙሉ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ ስታብስለት እንዳደረች በኋላ ነገረኝ። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል እኛ ደረስን። ቄሱ አሉ፣ ሴቶቹ አሉ፣ እኔ ነጠላዬን እንደ ኀዘንተኛ አድርጌ ከኋላ ነኝ። በሩን ራሷ ከፈተችው። በዚያ ሰዓት አበሻ ተሰብስቦ ደጅ ከመጣ ምን እንደሆነ ለማንም አይጠፋም።

መጀመሪያ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ተነሥቶ ቆሞ ያለቅሳል።

«እማዬ ናት» አለች።

ቄሱ ጀመሩ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን...»

«መቼ?» አለቻቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

«መቼ ነው፣ አባ? ሌሊት ነው?»

ባሏ፣ «ረቡዕ» አለ።

ጩኸት ጠብቄ ነበር። ሴቶቹም ሊይዟት ተጠግተዋል። እሷ ግን ልክ የማይገባ ነገር እንደ ሰማ ሰው ግንባሯን ቋጥራ ቆመች።

«ረቡዕ?» አለች። «ታዲያ ሐሙስ ማን ነው ያየው?»

ከዚያ ወደ እኔ አየች። ያን ጊዜ ነው ስትወድቅ ሴቶቹ የያዟት።

ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። እኔ ወንበር አመጣሁ፣ ድንኳን አስተከልኩ፣ ውኃ አስሞላሁ፤ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ወንድም ነው» ይላል። ወንድሟ በስልክ እንደ ነገራት፣ እናትየው እስከ ማክሰኞ ማታ «ደረሰ ወይ?» እያሉ ቴሌቪዥኑን ሲያስከፍቱት ነበር። ይህን ከሰማች በኋላ ሙሾዋ አንድ ሆነ። «እኔ ነኝ» ትላለች ደረቷን እየደቃች። «እንቅልፍ ጥሎኝ ነው። ማክሰኞ ነካ ነካ ማድረግ አቅቶኝ፣ ተኝቼ ነው። ሰማንያ ስምንት ደርሶ ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረሁባት።»

ሴቶቹ የኀዘን ቃል መስሏቸው፣ «ተይ፣ እግዜር ያለው ነው» ይሏታል። የኀዘን ቃል እንዳልሆነ የማውቀው እዚያ ድንኳን ሥር እኔ ብቻ ነበርኩ። እሷ መንካት የነበረባት እኔ ስላልመጣሁ ነው። በሁለት ደቂቃ ላስተካክለው የምችለውን ነገር ሕፃን የምታጠባ ሴት ቁጭ ብላ እንድትጠብቅ አደረግሁ። ተነሥቼ ይህን ማለት ነበረብኝ። ውኃ የያዘውን ጄሪካን አንሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ወራት አለፉ። ከባሏ ጋር እንገናኛለን፤ እሷ ግን ለኮምፒውተር ነገር ደውላልኝ አታውቅም። እኔም ሰው ስለ ክርስትና ሲያወራ ከአጠገቡ እነሣለሁ። አንድ እሑድ፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ባሏ ምሳ ጠራኝ። ስደርስ ለስላሳ ሊገዛ ሱቅ ወጥቶ ነበር። እሷ በር ላይ ተቀምጣ ልጅቷን ከጡጦ ወተት ታጠጣለች። ልጅቷ አድጋለች፤ ሁለት ጥርስ አውጥታለች፤ ግን ቀጭን ናት። ያን ሰሞን ደጋግማ ታማ እንደነበር ሰምቻለሁ።

ሳልቀመጥ ነገርኳት። እሑድ ኳስ እያየሁ እንደነበር፣ ሰኞ ለጫማዬ ሳስቼ እንደቀረሁ፣ ማክሰኞ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሥራ እንዳልነበረኝ። ሥራው የሁለት ደቂቃ እንደነበረ። ከሦስቱ ቀናት በአንዱ ብመጣ ኖሮ እሷ ብትተኛም ባትተኛም ቪዲዮው ይደርስ እንደነበር። «አንቺ አይደለሽም» አልኳት። «እኔ ነኝ። ድንኳኑ ውስጥ መናገር ነበረብኝ፣ ፈራሁ።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። እንድትቆጣም ፈልጌ ነበር። ጡጦውን ከልጅቷ አፍ አወጣችና አየችው።

«ምነው ያኔ በነገርከኝ» አለች ቀስ ብላ። «ጡት ለምን እንዳስጣልኳት ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። በኀዘኑ ወተቷ ደርቆ ነው ብለን ሁላችንም አውርተን ጨርሰናል።

«ወተትማ ነበረኝ» አለች። «ልብሴን እስኪያርሰው ነበረኝ። ማክሰኞ እንቅልፍ የወሰደኝ እሷን እያጠባሁ ነው። ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ፣ አንድ እጄ ማውሱ ላይ ሆኖ። ከዚያ በኋላ ወደ ጡቴ በመጣች ቁጥር እናቴን ያስቀረችብኝ ይቺ ናት እያልኩ... ልይዛት አልቻልኩም። ስታለቅስ አልጋ ላይ ትቻት እወጣ ነበር። ማማ ናት በጡጦ ያሳደገችልኝ። ሦስት ወሯ ነበር። ምንም አላደረገችኝም እኮ።»

ልጅቷ ጡጦውን ፍለጋ እጇን ትዘረጋለች።

«አሁን ሂድልኝ» አለችኝ። ድምፏ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ባሏ ሲመለስ ምን እንደምትለው አልጠየቅኋትም። ወጣሁ። የግቢውን በር ስከፍት፣ ልጅቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ «ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት፣ ይቅር በይኝ» ስትላት ሰማኋት።